አሥራ ሁለት ሆነን ልጅ ልንጠይቅ ፍሪስላንድ የሄድን ጊዜ

ከሆላንድ ከተመለስኩ ጀምሮ ታክሲዬ ውስጥ የገባ ሀበሻ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «እውነት ጋሼ መኩሪያ ቦይ ውስጥ ገቡ?» ይለኛል። አዎ፣ ገብተዋል። ነገር ግን ወሬው እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ላይ ከምግብ ቤት ምግብ ቤት ሲዞር ቦዩ ባሕር ሆኗል፣ ጋሼ መኩሪያም ሁለት ጊዜ ሞተዋል። ስለዚህ የሆነውን እንደሆነው ቀን በቀን ልጻፈውና ልረፍ። ፍሪስላንድ የምትባለውን የሆላንድ አውራጃ መቼም ሄዳችሁ አታዩዋትም። ብታዩዋትም የምታዩት እኔ ያየሁትን ነው፤ ሜዳ፣ ውሃና ላም።

የሄድነው ለሽርሽር አይደለም። የእህቴ ልጅ ዳዊት በሱዳን በኩል ወጥቶ ሆላንድ ከገባ አምስት ዓመት ሆኖታል። እዚያ አንኬ የምትባል የገበሬ ልጅ ወደደ፣ ሊያገባትም ቆረጠ። እናቱ አበበች፣ ታላቅ እህቴ ማለት ነው፣ አዲስ አበባ ናት፤ መውጫ ፈቃድ አታገኝም። ባሏን ከቤት ወስደው ካስቀሩባት ወዲህ ያላት ልጅ እሱ ብቻ ነው። በስልክ እንዲህ አለችኝ፦ «ሽማግሌ ተልኮ አባትየው በገዛ አፉ ‹ሰጥቻለሁ› ካላለ አልመርቅም። አባት የለውም ተብሎ ልጄ እንደ ድመት በመስኮት አይገባም!» ዳዊት ደግሞ እናቴ ሳትመርቀኝ አላገባም አለ። ቅዳሜ ጎረቤቷ ቤት ስልኩ አጠገብ ቁጭ ብላ መልሱን ልትጠብቅ ተቀጣጠርን።

ለሽምግልና ሦስት ሰው ይበቃ ነበር። ችግሩ የልጅቱ አባት አቶ ሲትሴ ከላሞቹ ጎን ሌላ ሥራ አለው፤ ትልቁን ጎተራውን ማደሪያ አድርጎ በቡድን የሚመጡ ጎብኚዎችን ያስተናግዳል። ከአሥራ ሁለት ሰው በታች አይቀበልም፣ በአቅራቢያውም ሌላ ማደሪያ የለም። አሥራ ሁለት ለመሙላት በእትዬ ዘነበች ምግብ ቤት ሰው መመልመል ጀመርን። የሽማግሌዎቹ አለቃ ጋሼ መኩሪያ ሆኑ። ድሮ ወሎ ውስጥ የትምህርት ቤት ዲሬክተር የነበሩ፣ አሁን ሚድ ዊልሻየር በአንድ የመኪና ማቆሚያ በር ላይ በመስኮት ቲኬት የሚሰጡ ሰው ናቸው። እዚያው የደንበኛ መኪና ተቀብሎ የሚያቆመው ተስፋዬ «አውሮፓን በፍሪ ማየት ነው» ብሎ የማደሪያውን ቅጽ እንኳ ሳያነብ ፈረመ። እትዬ ዘነበች ራሳቸው ምግብ ቤቱን ዘግተው ተነሱ። ሌሎቹ ስምንቱ ደግሞ ሱፍ ያላቸው ናቸው፤ መመዘኛው እሱ ብቻ ነበር።

ማክሰኞ

እትዬ ዘነበች አየር ማረፊያው ሁለት ሻንጣ እየጎተቱ ደረሱ። አንደኛው ድርቆሽ ነው፣ ሁለተኛው ሽሮና በርበሬ። «ልብስዎስ?» ብላቸው፣ «የለበስኩት ምን ሊሆን ነው?» አሉኝ። ስንቁ ግድ ነው፤ ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ መልሱን ሳይሰማ የሰው ቤት አይቀመጥም፣ እህል ውሃም አይቀምስም። ጋሼ መኩሪያ በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቁም። አውሮፕላኑ ውስጥ ራሱ ሦስት ጊዜ ቃል አስገቡን።

ረቡዕ

አምስተርዳም ላይ ፈታሹ የመጀመሪያውን ሻንጣ ከፍቶ ድርቆሹን አየና ምን እንደሆነ ጠየቀ። ጋሼ መኩሪያ በዲሬክተር እንግሊዝኛቸው «ዳቦ ነው። የደረቀው ሆን ተብሎ ነው» አሉ። ሰውየው አላመነም መሰለኝ ሁለተኛውን ሻንጣ ከፈተና አፍንጫውን አስጠጋ። በርበሬ ነው፣ ያውም የእትዬ ዘነበች በርበሬ። አስነጠሰው፣ አለቀሰ፣ እንደገና አስነጠሰው፤ ከዚያ በእጁ ሂዱ ሂዱ እያለ አሥራ ሁለታችንንም አሳለፈን።

ዳዊት የሲትሴን አሮጌ አውቶቡስ ይዞ ጠበቀን። በመስኮት ሳየው ከሳ አለብኝ፣ ቁመቱ ግን የአባቱ ነው። በባቡር ጣቢያው በኩል ስናልፍ ቁጥር ስፍር የሌለው ቢስክሌት ተደርድሮ ቆሟል። ጋሼ መኩሪያ ከመቀመጫቸው ተነሱ። «ይህን ሁሉ ቲኬት የሚቆርጠው ማነው?» ማንም አይቆርጥም አላቸው ዳዊት። ሀገሩን የናቁት ያን ጊዜ ነው።

ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ ረጅም ግድብ ላይ ነው፤ በግራም በቀኝም ውሃ፣ መሐሉ ላይ አስፋልት። እኛ ሀገር፣ ሎስ አንጀለስ ማለቴ ነው፣ ፍሪዌይ ላይ አንድ ሰዓት ሄዶ አንድ የተጋጨ መኪና ያላየ የለም። ተስፋዬ ግራና ቀኝ ቢያይ ቢያይ ምንም አጣ። «ሶ ሰዉ እዚህ ሲነዳ ምን እያየ ነው?» አለ። ከግድቡ ስንወርድ ሽታው ተቀበለን። ቶራንስ ነዳጅ ማጣሪያው አጠገብ ስንት ዓመት ተሳፋሪ ሲጠብቅ የኖረው አፍንጫዬ የላም እበት ሲመጣበት ግራ ገባው፤ ሦስተኛው መንደር ላይ ግን ወደደው።

ሲትሴ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀን። ትልቅ ሰው ነው፣ እጁ አካፋ ያህላል፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ አንጠልጥሏል። እንግሊዝኛው አጭር ነው፤ ኋላ እንደሰማሁት በራሱ ቋንቋም ያው ነው። ለእያንዳንዳችን የፕሮግራም ወረቀት አደለን፤ ሐሙስ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በባሕር ወለል ላይ የእግር ጉዞ፣ ዓርብ ቦይ ዝላይ፣ ቅዳሜ አይብ አሠራር። ጎተራው ውስጥ ተደራራቢ አልጋ ተሰልፏል። ጋሼ መኩሪያ የላይኛው ደረሳቸው፤ ሽማግሌ ታች ይተኛ ብለን ስንለምናቸው «የአለቃ ቦታ ላይ ነው» ብለው ወጡ።

አመሻሹ ላይ ሱፋችንን ለብሰን፣ ነጠላ አጣፍተን፣ ጉዳያችንን ይዘን ተነሳን። ከሎስ አንጀለስ ለሽምግልና ተጉዘን የመጨረሻው መንገድ ከጎተራው እስከ ቤቱ ሰማንያ እርምጃ ሆነ። ላሞቹ አጥሩ ድረስ መጥተው አዩን።

የሲትሴ ሚስት ሪንስኬ ትልቁን ጠረጴዛ በቂጣ መሳይ ነገርና በማር ሞልታዋለች፣ ቡናውም ቀርቧል። ወንበሮቹን በእጇ አሳየችን። ማንም አልተቀመጠም። ጋሼ መኩሪያ ጉሮሯቸውን ጠርገው ከዳዊት ቅድመ አያት ጀመሩ፤ እኔ እያሳጠርኩ አስተረጎምኩ። በመጨረሻ «አቶ ሲትሴ፣ ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ልንለምን መጥተናል» አሉ።

ሲትሴ አንኬን አያት፤ ከዚያ ዳዊትን፤ ከዚያ እኛን አሥራ ሁለታችንን። «ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። የምሰጣት የኔ ዕቃ አይደለችም» አለ። «ነገ አንድ ሰዓት ላይ። አሮጌ ጫማ አድርጉ።»

ውጭ ስንወጣ እኔ ወሽመጤ ተቆርጧል። ጋሼ መኩሪያ ግን እጃቸውን ያፋትጋሉ። «አያችሁልኝ? ጨዋ ሰው ነው! በመጀመሪያው ቀን ሰጥቻለሁ የሚል አባት ልጁ ላይ እንከን አለ ማለት ነው። እንደ ደንቡ መለሰን።» የሰውየው ደንብ ያ እንዳልሆነ ገብቶኝ ነበር፤ ግን የላይኛው አልጋ ላይ በደስታ ሲወጡ ሳያቸው ዝም አልኩ።

ሐሙስ

በዚህ ሀገር ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ቤቱን ጥሎ ይሄዳል። ሰዎቹ ደግሞ እሱ የለም ብለው ወለሉ ላይ ይራመዳሉ፣ ይህም መዝናኛ ነው። ሌላኛው ጎተራ ያረፉ ጡረታ የወጡ ጀርመናውያን ዘማሪዎች ተጨመሩልን። ሲትሴ ፊሽካውን ነፋና ጭቃው ውስጥ ገባን።

እትዬ ዘነበች ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው መሐል ላይ ቆሙ። «ባሕሩ የት ሄዶ ነው?»

«ወደ ውስጥ ሸሽቶ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል» አላቸው ዳዊት።

«ይመለሳል?» አሉ። «ታዲያ እኛ እዚህ ምን እንሠራለን?»

መልስም አልጠበቁም። ወደ ዳር መልስ የሄዱበት ፍጥነት እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ ሲትሴ እንኳ ፊሽካውን ከአፉ አውርዶ አያቸው። የተስፋዬን አዲስ ስኒከር አንዱን ጭቃው ዋጠው። «ሜን! ይሄ መሬት አይደለም፣ ሌባ ነው!» እያለ በአንድ እግሩ ሲዘል ጀርመኖቹ ዘፈን መስሏቸው አጨበጨቡለት።

ለምሳ ሪንስኬ በትልቅ ድስት የአተር ሾርባ ሠርታ ጠበቀችን። አመስግነን፣ አንገታችንን ደፍተን፣ በፊቷ አልፈን ወደ ጎተራችን ገባን። እትዬ ዘነበች ሽሮውን ጥደውት ነበር። ሽታው ከጎተራ ጎተራ ሲሻገር ጀርመኖቹ ሳህን ይዘው በሩ ላይ ተሰለፉ፤ እትዬ ዘነበችም አበሏቸው። ሪንስኬ ያልተነካ ድስቷን ይዛ በመስኮት ስታየን አየኋት። አዘንኩላት፤ ግን ከሽሮው አልተነሳሁም።

ማታ እንደገና ሱፍ፣ እንደገና ሰማንያ እርምጃ፣ እንደገና ቆመን ጥያቄ። ሲትሴ «መልሱ የትናንቱ ነው» አለ። ሪንስኬ አሥራ ሁለቱን ስኒ እንደሞሉ ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች፤ ስኒዎቹ ሲቀመጡ ይጮሁ ነበር።

ዳዊት እስከ ላሞቹ በረት ተከተለኝ። «አጎቴ፣ እናቴ ቅዳሜ ስልክ አጠገብ ናት። ምንድነው የምንላት?»

«ልጅቱስ አባቷን አታናግረውም?»

«አናገረችው። ‹ምን አለበት፣ አንድ ቃል ነው፣ በልላቸው› አለችው። አልልም አለ። ምክንያቱን ደግሞ አይነግራትም። እኔን እኮ አይጠላኝም፤ ትራክተር መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው።» ድምፁ ሲሰበር ሰማሁት። ረቡዕ ስደርስ አቅፌው ያላለቀስኩትን አለቀስኩ። አንድ ላም ታዘበችን።

ዓርብ

ቦይ ዝላይ እንዲህ ነው። ሰፊ ቦይ አለ፣ መሐሉ ላይ ከቤት የሚረዝም ምሰሶ ይተክላሉ። ሮጠህ ምሰሶውን ታቅፋለህ፣ እንደ ዝንጀሮ ወደ ላይ ትወጣለህ፣ ምሰሶው ቀስ ብሎ ሲያዘነብል ማዶ ትወርዳለህ። ከጥንት የወፍ እንቁላል ፍለጋ ከመስክ መስክ የሚሻገሩበት ዘዴ ነው አሉ። ድልድይ መሥራት የሚያውቁ ሰዎች ናቸው እንግዲህ።

ጋሼ መኩሪያ ሦስተኛውን ጥያቄ እዚያው ቦዩ ዳር፣ ዘማሪዎቹ ባሉበት ለማቅረብ ወሰኑ፤ ምስክር ሲበዛ ሰው ይለሳለሳል ብለው ነው። እንደ ልማዳቸው ሱፍ ለብሰዋል። ሲትሴ ግን ፊቱ ቀላ። «ሁለት ጊዜ ተናገርኩ! ልጅ ላም አይደለችም፤ አትሰጥም፣ አትወሰድም!»

አስተረጎምኩላቸው። ጋሼ መኩሪያ ቀና አሉ። «ለላም ቢሆንማ አሥራ ሁለት ሰው ከሎስ አንጀለስ አይመጣም በለው።»

አልኩት። ሲትሴ ለአፍታ ሊስቅ መሰለኝ፤ ከዚያ ምሰሶውን በእጁ አሳያቸው። «ይዝለል» ማለቱ ነበር፣ ወይም «ሂዱልኝ» ማለቱ ነበር፤ አላወቅሁም። ጋሼ መኩሪያ ግን ኮታቸውን አውልቀው ለተስፋዬ ሰጡት።

«ጋሼ፣ ፕሊስ፣ ኢንሹራንስ እንኳ የለዎትም!» አለ ተስፋዬ።

ሮጡ። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ምሰሶውን አቅፈው ወደ ላይ ወጡ፣ ምሰሶው ግን ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ወደዚህም አይልም፣ ወደዚያም አይልም። ከላይ ሆነው ሁላችንንም አዩን። ዘማሪዎቹ አንገታቸውን አቀኑ፣ ላሞቹም አቀኑ። ቀጥሎ ቀስ እያሉ፣ ክብራቸውን ሳይለቁ፣ ምሰሶውን ታቅፈው እንደ ባንዲራ ወደ ታች ወረዱና እስከ ደረታቸው ጭቃ ውሃ ውስጥ ገቡ። ከማናችንም በፊት ዘሎ የገባው ሲትሴ ነው። በሁለት እጁ እንደ ጥጃ አቅፎ አወጣቸው።

ቤት ወስደው የሲትሴን ቱታ አለበሷቸው፤ ሁለት ጋሼ መኩሪያ የሚይዝ ነው። ሪንስኬ ምድጃው አጠገብ ወንበር አስጠጋች፣ ትኩስ ቡና በእጃቸው ልታስይዝ ሞከረች። ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ ቆሙ፤ ቡናውንም አልነኩም።

ሪንስኬ ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ቃል ያልተነፈሰች ሴት ናት። ስኒውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረች፤ አንኬ አስተረጎመችልኝ። «ሦስት ቀን ወንበሬ ላይ አንድ ሰው አልተቀመጠም፣ ምግቤን አንድ ሰው አልቀመሰም። ቤቴ ምን አለው?» እንባዋ መጥቷል።

አፈርኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን የለም። ሦስት ቀን የተባለውን ሳስተረጉም፣ ለምን እንደምንቆም መናገር ትዝ አላለኝም። ዳዊትም እኔ የነገርኳቸው መስሎት ኖሯል። ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ እንደማይቀመጥ የማያውቅ ሰው በዓለም ላይ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ያን ጊዜ ነገርኳት። መቆማችን ንቀት ሳይሆን ልመና ነው፣ እህል አለመቅመሳችን ቤታችሁን አክብረን ነው አልኳት። ሪንስኬ አፏን በመዳፏ ያዘች። ሲትሴ ውሃ እያንጠባጠበ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል። ወጥቶ ላሞቹን ሊያልብ ሄደ።

ቅዳሜ

ጠዋት ፊሽካ አልተነፋም። የጎተራው በር ተንኳኳ፤ ተስፋዬ በካልሲ ሄዶ ከፈተ። ሲትሴ ነው። ጥቁር ሱፍ ለብሷል፣ ጠጉሩን በውሃ አበጥሯል፣ ሪንስኬና አንኬ ከኋላው ናቸው። እትዬ ዘነበች ወንበር አቀረቡለት።

ራሱን ነቀነቀ። አልተቀመጠም።

ሁላችንም ከአልጋችን ላይ ቀስ እያልን ተነሳን። ጋሼ መኩሪያ ከላይኛው አልጋ በሲትሴ ቱታ ወረዱ።

«እኔም ጥያቄ አለኝ» አለ ሲትሴ። «እህት ነበረችኝ። ከዓለም ጦርነቱ በኋላ አንድ ሰው ካናዳ ልውሰዳት ብሎ መጣ። አባቴን ጠየቀው፣ አባቴ ‹ሂጂ› አለ። ሄደች፤ እዚያው ሞተች፤ ዳግመኛ አላየናትም። አባቴ እስኪሞት ‹እኔ ነኝ ሂጂ ያልኳት› ይል ነበር። እናንተ አሥራ ሁለት ሆናችሁ ከአሜሪካ መጣችሁ። ልትወስዷት ነው የመጣችሁት?»

አስተርጉሜ ስጨርስ እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ጋሼ መኩሪያ የቱታውን እጅጌ ሁለት ጊዜ ጠቅልለው ወደ ሲትሴ ቀረቡ።

«አቶ ሲትሴ፣ እዚህ የቆምነው ሁላችንም እንደዚያች እህትዎ ነን። እናቴ ስትሞት ልቀብራት አልቻልኩም፤ እሷም ዳግመኛ ሳታየኝ ሄደች። እርስዎ የፈሩትን ነገር እኛ እናውቀዋለን። ልንወስዳት አልመጣንም፤ ልጃችንን ልንሰጥዎ ነው የመጣነው። አባት የለውም።» ቆም አሉና ጨመሩ፦ «ደግሞ ሎስ አንጀለስ ምን ሊሠራ? ማቆሚያ የለም።»

የመጨረሻውን ሳስተረጉም አንኬ ሳቀች፣ እያለቀሰች። ሲትሴ ወደ እሷ ዞሮ በቋንቋቸው አንድ ነገር ጠየቃት። «ልበልላቸው ወይ?» ነው ያላት፤ ዳዊት ኋላ ነገረኝ። «አዎ» በሚል ራሷን ነቀነቀች። ሲትሴ እጁን ለጋሼ መኩሪያ ዘረጋና «ሰጥቻለሁ» አለ። ቃሉን በአማርኛ ነው ያለው፤ ሌሊቱን ዳዊት ሲያስጠናው አድሯል።

እትዬ ዘነበች እልል አሉ፤ ጀርመኖቹ ከማዶ በአራት ድምፅ መለሱ። ከዚያ ወደ ቤቱ ሄደን ተቀመጥን። አቤት አቀማመጥ! የሦስት ቀን ወንበር በአንድ ጊዜ ተቀመጥን። ሪንስኬ ሾርባውን፣ ቂጣውን፣ አይቡን አወጣች፤ ጋሼ መኩሪያ አራት ሳህን በሉ። ዳዊት ቦታው የታወቀ ነው፣ ከሲትሴ ቀኝ፤ ሪንስኬ ትልቅ ብርጭቆ ወተት ከፊቱ አስቀመጠችለት።

ስልኩን የደወልኩት ከዚያው ከጠረጴዛው አጠገብ ነው። ገና አንዴ ሳይጠራ አበበች አነሳችው።

«ምን አለ?»

«ሰጥቻለሁ አለ።»

«በስንተኛው?»

«በአራተኛው።»

«በአራተኛው» አለች ቀስ ብላ። «እንግዲያው ልጁን የሚወድ ሰው ነው። አገናኘኝ።»

«አበበች፣ አማርኛ እኮ አይችልም።»

«አገናኘኝ አልኩ!»

መነጋገሪያውን ለሲትሴ ሰጠሁት። በዚያ ትልቅ እጁ ያዘው። እሷ መረቀች፣ ድምፅዋ ጠረጴዛው ድረስ ይሰማል፤ ውለዱ ክበዱ፣ እግዜር ያክብርልኝ፣ ልጄን አደራ። ሲትሴ ከጆሮው ሳያርቅ፣ ሳያቋርጥ፣ ጨርሳ እስክትደክም ሰማት። መጨረሻ ላይ ለብቻው ጠንከር ብላ ያለችው ነገር ነበር፤ ሲትሴ ዓይኑን ወደ እኔ አነሳ። «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?»

መናገሩ ከበደኝ፤ ግን ሦስት ቀን ያጎደልኩት ይበቃል ብዬ ነገርኩት።

«ልጄ ወተት አይወድም፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሽታውን አይችልም። ይሉኝታ ይዞት ይጠጣልና ግድ አይበሉት ትላለች።»

ሁሉም ወደ ዳዊት ዞረ። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት፣ በዚያ ወንበር፣ ከሲትሴ ላሞች የታለበ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ሲጠጣ ኖሯል። አሁንም ብርጭቆው እጁ ላይ ነው፤ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቷል።

ሲትሴ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ በሌላ እጁ ብርጭቆውን ከልጁ እጅ ወሰደና ግጥም አድርጎ ጠጣው።